ሰኞ ገበያ በጀርባ በኩል

ጋሽ ይማም ማረፋቸውን የነገረችኝ ሰዓዳ ናት፤ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ተከራይቼ በኖርኩበት ዘመን ጎረቤቴ ነበረች። ኮምቦልቻ የምሠራበት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ደርሼ ፈረቃዬን ልገባ ስል ደወለች። «ምሕረት፣ ጋሽ ይማም ከሱብሂ ሶላት በኋላ ጋደም እንዳሉ ቀሩ» አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሁለታችንም በስልክ ስንነፋረቅ ቆየን። ከዚያ ሰዓዳ አፍንጫዋን ጠረግ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ስዕሉን ጨርሰውት ነበር እንዴ?» አለችኝ።

ሰው በሞተ ጠዋት የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም። ግን ያን ጠዋት ሆጤ ውስጥ ይህን ያልጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ መልሱን አውቀው ነበር። «እንጃ እህቴ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ፈረቃዬን ለጓደኛዬ ትቼ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ዳገቱን እስክንጨርስ አንዴ ሳለቅስ አንዴ ብቻዬን ስስቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

ጋሽ ይማም ታፔላ ጸሐፊ ነበሩ። የደሴ ፀጉር ቤት፣ ጋራዥና ሻይ ቤት ስሙን በእሳቸው እጅ ያጻፈበት ዘመን ነበር። ባነር የሚያትም ማሽን ከመጣ ወዲህ ሥራቸው ቢቀዘቅዝም ቅር ያላቸው አይመስሉም ነበር። «ማሽኑ ይጻፍ፣ እኔ ልሳል» ይሉ ነበር። ችግሩ፣ አይስሉም።

ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ሳሎኑ ውስጥ፣ ከበሩ እስከ መስኮቱ ግድግዳውን የሞላ ሸራ አየሁ። የደሴ ሰኞ ገበያ ነው። በርበሬ ሻጩ፣ ጨው ሻጩ፣ ፍየል ጎታቹ፣ ጃንጥላ ያዡ፣ ከኩታበር እህል ጭኖ የመጣው ገበሬ፣ ሁሉም አለ። ግን ሁሉም ጀርባውን ሰጥቷል። አንድም ፊት የለም። አባታቸው ሃይማኖት አጥባቂ ሰው ስለነበሩ፣ ልጃቸው ብሩሽ ሲይዝ ባይከለክሉትም ፊት እንዳይስል ቃል አስገብተውታል። ጋሽ ይማም ቃላቸውን ጠብቀው ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ከኋላው ሳሉ።

የሚገርመው፣ ሰፈርተኛው እያንዳንዱን ጀርባ ማን እንደሆነ ያውቀዋል። አንዱ ትከሻው ያዘነብላል፣ አንዷ ሻሿን ከፍ አድርጋ ታስራለች፣ አንዱ ሲቆም አንድ እግሩን ያሳርፋል። የጀርባው ባለቤት ግን ሁልጊዜ ይቆጣል። «እኔ እንዲህ ነኝ?» ይላል። ጋሽ ይማም አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አውራ ጣታቸውን ቀስረው ሰውየውን ከኋላ ይለኩትና፣ «ወንድሜ፣ አንተ አይተኸው ታውቃለህ?» ይሉታል። የራሱን ጀርባ ያየ ሰው ስለሌለ በክርክሩ ያሸነፋቸው የለም።

እኔ የጀመርኩትን ሳልጨርስ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ሥራዬ ጨርቅ መፈተሽ ነው፤ ጥቅሉ ተፈትቶ ካላለቀ ከወንበሬ አልነሳም። ስለዚህ እሳቸውን ማየት ያመኝ ነበር። ቀለም ይበጠብጣሉ። ብሩሽ ያነሳሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሸራውን ይለካሉ። ከዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ያስነጥሳል። «ይሄ ማስነጠስ የአህመድ ነው፤ ሰሞኑን አላየሁትም» ይሉና ብሩሹን አስቀምጠው ይወጣሉ። አህመድ ሥጋ ቤት ያለው ጓደኛቸው ነው። በቃ፣ የዚያን ቀን አይመለሱም።

የቅሬው ጸሐፊም ነበሩ፤ ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ማን ሞተ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ ሁሉም ጋ እሳቸው አሉ። ጫማቸውን ሳያስጠርጉ ደግሞ ከሰፈር ስለማይወጡ ሊስትሮውም ጋ ግማሽ ሰዓት አለ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ «ጋሼ፣ ይህን ስዕል መቼ ነው የሚጨርሱት?» አልኳቸው።

«አንቺ ጴንጤ፣ ሰው ሳላይ ሰው ልሳል እንዴ? ሥራ ላይ እኮ ነኝ» አሉኝ፣ ሽንኩርት የያዘ ፌስታል አንጠልጥለው።

ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ናት። ለእሷም አንቱ ልላት ሞክሬ «አሮጊት አታድርጊኝ» ስላለችኝ አንቺ እላታለሁ። እሷም ትጨቀጭቃቸው ነበር። «ሦስት ሴት ልጅ ድሬያለሁ፤ ሦስቱም ከዚህ ሸራ ሥር አጎንብሰው ነው ከቤቴ የወጡት። ወይ ጨርሰው፣ ወይ አውጣው!» ትላቸዋለች። እሳቸው «አብሽሪ ዘሀራ፣ ሸራው የትም አይሄድ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ የትም አልሄደም።

እኔ በገባሁ በአራተኛው ዓመት ጋሽ ይማም ሳንባቸውን ክፉኛ ታመሙ። ሐኪሙ ፊቱን አጠቆረ። ልጆቹ ተጠሩ። ያኔ እትዬ ዘሀራ ወዳጃ ጠራች፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጫት ቀርቦ፣ ለችግረኛው ዱአ የሚደረግበት ሥርዓት ነው። ዱአውን የመሩት ግድግዳ የሚጋሩን አሮጊት፣ እማማ ከድጃ ነበሩ። «ይማም፣ ምን ብለን እንለምንልህ?» ብለው ጠየቋቸው።

ጋሽ ይማም ከአልጋቸው ሆነው ሸራውን በዓይናቸው ፈለጉት። «ይህን ስዕል ሳልጨርስ እንዳልሞት ለምኑልኝ» አሉ።

«ያ ረቢ! ባሪያህ ይማም ይህን ሥራውን ሳይጨርስ አትውሰድብን!» አሉ እማማ ከድጃ።

«አሚን!» አለ ቤቱ። እኔም በሩ ሥር ተቀምጬ «አሜን» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት።

በሳምንቱ ተነሱ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሸራው ፊት ቆመው ነበር። እንደዚያ ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ማን ቢያስነጥስ አልወጡም። እኔ ደስ ብሎኝ ከሥራ ስመለስ ስንት ሰው እንደተሳለ እቆጥር ነበር። አንድ ማታ እራት ስንበላ እትዬ ዘሀራ የጠቀለለችውን ጉርሻ አፏ ሳታደርስ ቆመች።

«ይማም» አለች፣ «የጨረስከው እንደሆነስ?»

እሳቸው ማኘክ አቆሙ። ለካ ማናችንም አላሰብነውም ነበር። ሳይጨርስ አትውሰደው ብለን አርባ ሰው ሆነን ለምነናል፤ ሲጨርስ ምን እንዲሆን ግን አንዳችን ትንፍሽ አላልንም። ያን ማታ እራቱ ተረፈ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ተገለባበጠ። ስትጨቀጭቅ የኖረችው እትዬ ዘሀራ፣ «ዛሬ ሻይ ቤት አትሄድም? አህመድ ጠይቆህ ነበር» ማለት ጀመረች። ብሩሾቹ ከሽሮ ጣሳ ውስጥ ይገኙ ጀመር። ሸራው ላይ አንሶላ ጣለችበትና፣ «እኔ ይህን አንሶላ ከእንግዲህ አልገልጥም፤ ዓይኔ ካላየው አልተጨረሰም» አለች። እስከ መጨረሻውም ቃሏን ጠበቀች።

እሳቸው ደግሞ ልባቸው አበጠ። ከአንሶላው ሥር ያለው ያልተጨረሰ ገበያ የሕይወት ዋስትና ሆነላቸው። አንድ ቀን ግራ ቀኝ ሳያዩ አስፋልት ሲያቋርጡ አይሱዙ ሊጨፈልቃቸው ነበር። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሲሳደብ፣ «ተረጋጋ ልጄ፣ ገና አልጨረስኩም!» አሉት። ሐኪሙ ጨው ቀንሱ ሲላቸው፣ «ስዕሉ እኮ ገና ነው» አሉት። ሐኪሙ ምን እንደሚያወሩ አልገባውም፤ ጨው ግን አልቀነሱም። እንደዚህ እየሆነ አራት ዓመት አለፈ።

በእውነቱ ንዴቴ ከሳቄ በለጠ። ያ ሁሉ ውበት በአንሶላ ተሸፍኖ ሲቀመጥ ማየት አልቻልኩም። እጃቸው እንዴት ያለ እጅ እንደነበረ ያየ ያውቀዋል። ዕድሜያቸው ሲሄድ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ግን ምን ይባላል? ጨርሱ ማለት ሙቱ ማለት ሆኗል። እኔም አግብቼ ወደ ኮምቦልቻ ልወርድ የቀረኝ አንድ ዓመት ነበር፤ ሳላየው ልሄድ ነው ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ያዳነን የእማማ ከድጃ ዓይን ነው። ሐኪም የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ዓመት አይቆይም አላቸው። በማግስቱ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡና ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጡ። እኔ ልብስ እየተኮስኩ ነበር።

«ይማም፣ እኔ አለሁበት ወይ?» አሉ በእጃቸው አንሶላውን እያመለከቱ።

«መሃሉ ላይ ነዎት፣ እማማ። ግን በከሰል ብቻ ነው የነደፍኩዎት።»

«እንግዲያው ቀለም ቀባኝ። ሰማንያ ዓመት የተሸከምኩትን ጀርባ አገር ሁሉ አይቶታል። እኔ ሳላየው ዓይኔ ሊጠፋ ነው።»

እትዬ ዘሀራ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «እማማ፣ እርስዎ ራስዎ ዱአ ያደረጉበት አይደለም እንዴ?» አለች። ቀልድ አልነበረም። ይህች ሴት ባሏን ትወዳለች።

ድርድሩ እስከ ዐስር፣ እስከ ከሰዓቱ ሶላት ቆየ። በመጨረሻ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ጋሽ ይማም ገበያውን በሙሉ ይሠራሉ፤ አንድ ነገር ብቻ ሳይሠሩ ይተዋሉ። ምን ይተው ሲባል ጥጉ ላይ ያለችው አህያ ተመረጠች። አንድ የኋላ እግሯ ሳይሳል ይቀራል። እትዬ ዘሀራ አህያዋ በሦስት እግር እንደምትቀር አስምላቸው ፈቀደች።

የቀረው ትልቁ ችግር የሰውየው እግር ነበር። መቀመጥ አይችሉም። ሦስት ቀን ሠርተው በአራተኛው ቀን አንዱ ሲያስነጥስ ወጡ። እማማ ከድጃ ይህን ሲሰሙ፣ «ጫማህን ኸኔ ዘንድ ታስቀምጣለህ» አሉ። እንዲህ ሆነ፦ ጋሽ ይማም ከዐስር ሶላት ሲመለሱ መጀመሪያ እማማ ከድጃ ቤት ይገባሉ፤ የተጠረገ ጫማቸውን ያወልቃሉ። እማማ ጫማውን አልጋቸው ሥር ይከቱና የራሳቸውን ነጠላ ጫማ ይሰጧቸዋል፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያላት፣ ፊቷ ላይ የፕላስቲክ አበባ ያለባት። እሷን አድርገው ቤታቸው ይገባሉ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ ጫማቸው አይመለስም።

አንድ ቀን ብቻ አመለጡ። አህመድ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ከደንበኛ ጋር ሲጣላ ሰምተው በወይን ጠጇ ጫማ ሊያስታርቁ ወጡ። ጠበኞቹ የጋሽ ይማምን እግር ሲያዩ ጠባቸውን ረስተው ተቃቅፈው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ከቤት ንቅንቅ አላሉም።

ሰባት ወር ፈጀ። በእጃቸው መንቀጥቀጥ ምክንያት ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ደግፈው ነበር የሚሠሩት። አንዳንድ ቀን አንድ ሻሽ ብቻ ይሠራሉ። እኔ ማታ ስገባ አንሶላው ተመልሶ ሸፍኖት አገኘዋለሁ፤ እሳቸውም «ዛሬ ሁለት ሰው» ወይም «ዛሬ አንድ ቅርጫት» ይሉኛል። አሁን እንደ ሥራ ባልደረባ ነበርን።

እማማ ከድጃ ስዕሉን ሊያዩ የተጠሩ ቀን እትዬ ዘሀራ ሆን ብላ ልጇ ቤት ሄደች። እኔ ነኝ እጃቸውን ይዤ ወደ ሸራው ያስጠጋኋቸው። አፍንጫቸው ሊነካው ሲል ቆሙ። ጎበጥ ያለች፣ አረንጓዴ ፎጣ የደረበች፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ ያደረገች አሮጊት ከገበያው መሃል ቆማለች። ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ለካ ጎብጫለሁ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ግን ቆንጆ ነኝ። ማሻአላህ።»

ጋሽ ይማም ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ። እማማ ከድጃ ግን በዚህ አላበቁም፤ ፊታቸውን እንዳስጠጉ ከዳር እስከ ዳር ሄዱና ጥጉ ላይ ደረሱ። «ይቺ አህያ ምን ሆነች?»

«እማማ፣ እሷ እንኳ እንድትቀር ከዘሀራ ጋር...»

«አንተ! ባህያ እግር አላህን ልትሸውድ ነው? አንተን ሊወስድ ሲሻ እግሯን ቆጥሮ ሊመለስ? አፈርኩብህ! ሥራ ኸሠራህ ጨርሰህ ሥራ።»

አህያዋ በማግስቱ አራተኛ እግሯን አገኘች። ይህን ያወቅሁት ጋሽ ይማም ራሳቸው ጠርተውኝ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ነበር። የተዘጋውን በር ከፍቼ ስገባ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ፂማቸውን አበጥረው፣ ጥፍራቸውን ቆርጠው ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ጨረስኩ» አሉኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት! ታዲያ ምን እየጠበቁ ነው?»

«የሚመጣውን።»

ብስቅ ደስ ባለኝ፤ ግን ፊታቸው ነጭ ሆኖ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እሳቸው በሹክሹክታ ቁርኣን ይቀራሉ፤ እኔም በልቤ በራሴ መንገድ እጸልያለሁ። ገበያው በሙሉ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሟል። አንድ ሰዓት ገደማ ተቀመጥን። ከዚያ የጋሽ ይማም ሆድ ጮኸ።

«ራበኝ» አሉ፣ በጣም ተገርመው።

ያን ቀን የተሳቀውን ሳቅ እስካሁን አልረሳውም። ሳቁ ሲበርድ እጄን ያዙኝ። «ለዘሀራ እንዳትነግሪ። ካወቀችማ ትንፋሼን ስትቆጥር ልትኖር ነው። ያልጨረስኩ መስዬ እቀመጣለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ። እኔ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ እማማ ከድጃ ዓይናቸው ጠፋ፣ በዓመቱም አረፉ። ጋሽ ይማም ግን ጫማቸው እግራቸው ላይ እያለ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በየቀኑ ከዐስር እስከ መግሪብ በተጨረሰ ስዕል ፊት ደረቅ ብሩሽ ይዘው ተቀመጡ። ሦስት ዓመት! ሲስሉ ሁለት ቀን አከታትለው የማይቀመጡት ሰውዬ። ልጠይቃቸው ስመጣ በሩን ገርበብ አድርገው ብሩሹን ያወዛውዙልኝና ዓይናቸውን ይጠቅሱኛል።

የሞቱ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ከቀብር ተመልሰው ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ፣ ከአንሶላው ሥር ተቀምጠዋል። ሁሉም አንዴ ያለቅስና አንዴ አንሶላውን ያያል፤ ሊገልጠው የደፈረ ግን የለም። አህመድ በሩ ላይ ጠብቆ ያዘኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ። ካልጨረሱ እኮ ጉድ ነው! ያ ሁሉ አሚናችን የት ገባ ሊባል ነው?» አለኝ። ድሮ ጨረሱ እንዳይባል ሲፈራ የነበረ ሰፈር፣ ዛሬ አልጨረሱም እንዳይባል ይጨነቃል።

ምሥጢሩ ሦስት ዓመት ከብዶኝ ኖሯል። ባለቤታቸው ሳታውቅ ሰፈሩ እንዲያውቀው አልፈለግሁም። ሰዉ ሳሳ ሲል እትዬ ዘሀራን ወደ ድሮ ክፍሌ ይዣት ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ሁሉንም ነገርኳት፤ አህያዋን፣ ጀለቢያውን፣ ደረቁን ብሩሽ። «ይቅር በይኝ» አልኳት። «እሳቸው ናቸው አደራ ያሉኝ።»

እትዬ ዘሀራ ሻሿን ፈትታ እንደገና አሰረች። አላለቀሰችም።

«አንቺ ልጅ፣ ብሩሹን ማን የሚያጥብ ይመስልሻል?» አለችኝ። «ሲስል የኖረበትን ሁሉ በነጭ ጋዝ ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ብነክረው ጋዙ አልደፈረሰም። በማግስቱም አልደፈረሰም። ኧረ ጨርሷል አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሌት እየተነሳሁ አፍንጫው ሥር እጄን አደርጋለሁ። ሁለት ወር እንዲህ ሆንኩ። እሱ ያንኮራፋል፤ እንቅልፍ የማጣው እኔ። በኋላ፣ አላህ የራሱ ቀን አለው ብዬ ተውኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻቸውም? ሦስት ዓመት ሙሉ በደረቅ ብሩሽ ሲደክሙ!»

ያኔ ነው እንባዋ የመጣው፤ እየሳቀችም ነበር።

«ምሕረት፣ እኔ እኮ ያገባሁት ቤት የማይቀመጥ ሰው ነው። የሰው ቀብር፣ የሰው ሠርግ፣ የሰው ጠብ ሲል ነው ዕድሜያችን ያለቀው። ሦስት ዓመት ከዐስር እስከ መግሪብ ቤቴ ተቀመጠልኝ። እኔ በሩ ሥር ምስሬን እለቅማለሁ፣ እሱ ከውስጥ ያወራኛል። ልጅነቱን ያወራኛል፣ የማላውቀውን ሁሉ ያወራኛል። ታዲያ ጨርሰሃል፣ ተነስተህ ሂድ ልበለው?»